«የድሮ መኪና ሽቦ አይነካም»፦ እውነት ወይስ ተረት?

የጎረቤቴ ላንድሮቨር ከግቢያቸው ግራር ሥር ከቆመች ሰባት ክረምት አልፏታል። ዶሮዎቹ የጭነት ቦታዋን ቤታቸው ካደረጉት ቆይተዋል፤ ጫጩት የሚፈለፈለውም እዚያው ነው። ሞተሯ ሲቀሰቅሷት ይነሣል፣ ፍሬኗ ይይዛል፣ ጎማዋም አየር አያጎድልም። «ታዲያ ጋሼ፣ ለምን አይነዷትም?» ስላቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ሽቦዋ ሄዷል። የድሮ መኪና ሽቦ ደግሞ አይነካም። አንዴ ከተነካ የሠራው ፋብሪካ ራሱ ቢመጣ አይሰበስበውም።»

ይህችን አባባል እርስዎም እንደሰሟት አልጠራጠርም። አጎትዎ ብለዋት ይሆናል፤ ወይም መካኒክዎ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ብሏት ይሆናል። እኔም ለዓመታት አምኜባት ኖሬአለሁ። ባለሙያዎቹ ዋይሪንግ የሚሉት ያ የሽቦ ጉንጉን፣ ከባትሪው ተነሥቶ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ተጠማዞ እስከ ኋላ መብራት የሚሄደው፣ እንዳይቆጣ የሚፈራ የሰፈር ውቃቢ ሆኖ ቆይቷል።

አባባሏ ከባዶ አልተነሣችም፤ የተረት ጉልበቱም ይኸው ነው። የድሮ ሽቦ ልባሱ በጊዜ ብዛት ይደርቃል። የጥንቶቹ ላንድሮቨሮች ሽቦ ጎማ ለብሶ ከላዩ የጥጥ ጨርቅ የተሸመነበት ነበር፤ የኋለኞቹ ፕላስቲክ ናቸው። ጎማው ከስልሳ ዓመት በኋላ እንደ ደረቀ እንጀራ ነው፣ ሲያጥፉት ይሰበራል። እናም አንድ ሰው የፍሬቻውን ሽቦ ሊጠግን ጉንጉኑን ወደ ግራ ሲጎትት፣ ከቀኝ በኩል የክላክሱ ሽቦ ልባሱ ይሰነጠቃል። በሳምንቱ ክላክሱ ይጠፋል ወይም ሳይነካ ይጮሃል። ባለ መኪናው ታዲያ ምን ይላል? «ይኸው፣ ሲነካ ባሰበት!» ያየው ነገር ትክክል ነው። የደረሰበት መደምደሚያ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሲያጥፉት የሚሰበር ልባስ፣ ባይነኩትም መኪናዋ በኮረኮንች ላይ ስትንቀጠቀጥ ይሰበራል። ያከፋው መነካቱ ሳይሆን በቁራጭ በቁራጭ መነካካቱ ነው። እንዲህ ያረጀ ጉንጉን ወጥቶ በአዲስ ይተካል እንጂ አይጣፍም።

«መተካት ቀላል መሰለህ? ይሄኮ በማሽን የተሠራ የፋብሪካ ሥራ ነው» ይሉኛል ጋሼ። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። መኪና የሚያህል ነገር የሚያወጣ ፋብሪካ ሽቦውንም በአንድ በኩል መዳብ አስገብቶ በሌላ በኩል ጉንጉን አድርጎ የሚያወጣ ይመስለዋል። እውነቱን ልንገርዎት፦ የመኪና የሽቦ ጉንጉን ዛሬም፣ በሮቦት ዘመን እንኳ፣ በአብዛኛው የሚሠራው በሰው እጅ ነው። ሠራተኞች በትልቅ ሰሌዳ ፊት ይቆማሉ፤ ሰሌዳው ላይ የጉንጉኑ መንገድ ተስሎበታል፤ በየመታጠፊያው ችካል ተተክሏል። ሽቦውን እያንዳንዱን በችካሉ መሐል ያሳልፉታል፣ ጫፉን ይሰኩታል፣ ይጠቀልሉታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ዩክሬን ውስጥ ጦርነቱ ሲጀመር እንደ ፎልክስዋገንና ቢኤምደብሊው ያሉ የጀርመን ፋብሪካዎች ሥራ ያቋረጡት ሞተር ወይም ብረት አጥተው አልነበረም። ምዕራብ ዩክሬን ውስጥ እነዚህን ጉንጉኖች በእጃቸው የሚሠሩት ሰዎች ሥራ ስለተስተጓጎለባቸው ነው። ሞሮኮና ቱኒዝያም ለአውሮፓ መኪኖች ይህንኑ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹ ላንድሮቨር ጉንጉን ከዚህ ሁሉ ይልቅ እጅግ የቀለለ ነው። ችካል ማለት ምስማር ነው፣ ሰሌዳ ማለት ኮምፔንሳቶ ነው፤ ሁለቱም የማይገኙበት ሰፈር የለም።

«እሺ፣ ግን ውስብስቡስ?» ይላል የተረቱ ቀጣይ ምዕራፍ። ኮፈኑ ተከፍቶ ሲታይ በርግጥ ያስፈራል። እስቲ አብረን እንቁጠር። ሞተሪኖና ማስነሻ አንድ፣ የዲናሞው ቻርጅ ሁለት፣ የፊት መብራት ረጅምና አጭር ሦስት፣ ፓርኪንግና የኋላ መብራት አራት፣ የፍሬን መብራት አምስት፣ ፍሬቻ ስድስት፣ ክላክስ ሰባት፣ የዝናብ መጥረጊያ ስምንት፣ በዳሽቦርዱ ላይ ያሉት ጌጆች ዘጠኝ። አለቀ። ኮምፒውተር የለ፣ ሴንሰር የለ፣ የመስኮት ሞተር የለ። ዛሬ የሚነዳ ተራ የቤት መኪና ውስጥ ያለው ሽቦ ቢቀጣጠል ከአንድ ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ እሱን «አይነካም» ቢሉኝ አልከራከርም።

ደግሞም ላንድሮቨሯ ቋንቋ አላት። የኤሌክትሪክ ዕቃዋን የሠራው የበርሚንግሃሙ ሉካስ ኩባንያ ለያንዳንዱ ሥራ ቀለም መድቦለት ነበር፤ ሌሎቹ የእንግሊዝ መኪኖችም ይህንኑ ይከተላሉ። ቡኒ ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ ነው፤ ፊውዝም ማብሪያም ስለሌለው ይጠንቀቁት። ነጭ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ እሳት የሚያገኝ ነው። አረንጓዴ ያው የቁልፉ እሳት በፊውዝ ካለፈ በኋላ ያለው ነው። ወይን ጠጅ በፊውዝ ያለፈ ግን ቁልፍ የማይጠብቅ ነው። ሰማያዊ የፊት መብራት፣ ቀይ ፓርኪንግና የኋላ መብራት፣ ጥቁር ግራውንድ። በዋናው ቀለም ላይ ቀጭን መስመር ሲጨመር ዝርዝሩ ይመጣል፦ ሰማያዊ ላይ ነጭ መስመር ረጅም መብራት ነው፣ ሰማያዊ ላይ ቀይ አጭር፤ አረንጓዴ ላይ ቀይ የግራ ፍሬቻ፣ አረንጓዴ ላይ ነጭ የቀኝ። ይህንን ያወቀ ሰው ከዳሽቦርዱ ጀርባ የሚያየው ጫካ መሆኑ ይቀርና የተሰለፈ ማሳ ይመስለዋል።

ታዲያ ለምን እንቆቅልሽ ሆኖ ቀረ? አንደኛ፣ ስልሳ ዓመት የጠጣው ዘይትና አቧራ ቀለሙን ሁሉ ግራጫ አድርጎታል። (በጨርቅና በትንሽ ናፍጣ ሲጠርጉት ይወጣል። ካልወጣም ከተርሚናሉ ሥር ጎማው የሸፈነውን ይግለጡ፤ እዚያ ቀለሙ እንደ ትላንት ነው።) ሁለተኛው ምክንያት ያሳቅቃል። በኋላ ጉንጉኗን ልንተካ የጋሼን መኪና ስንፈታ ከዋናው ቀለም ያልሆኑ 11 ቅጥልጥሎች አገኘን፤ ዘጠኙ ቀይ ነበሩ። ከዓመታት በፊት የሠራላቸው ሰው በዕለቱ እጁ ላይ የነበረው የቀይ ሽቦ ጥቅል ነበርና ክላክሱንም በቀይ፣ ፍሬኑንም በቀይ፣ ግራውንዱን ሳይቀር በቀይ ቀጠለው። በማግስቱ ሌላ ባለሙያ ቢመጣ ማን ከማን እንደሆነ በምን ይለያል? እንቆቅልሹን የሠራው ፋብሪካው አይደለም፣ እኛው ነን።

ሉካስን ካነሣሁ ዘንዳ፣ እንግሊዞች ራሳቸው የሚቀልዱበት ሌላ ተረት አለ፤ ሉካስን «የጨለማው ልዑል» ይሉታል። መብራቱ በመንገድ ላይ ድርግም ይላል ለማለት ነው። ቀልዱ ባሕር ተሻግሮ እኛም ጋ በ«የእንግሊዝ መኪና ኤሌክትሪኩ አይረባም» መልክ ደርሷል። የሚገርመው መሥራቹ ጆሴፍ ሉካስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተነሣው የፋኖስ ላምባ በመሸጥ ሲሆን፣ ታዋቂ ያደረገውም «የመንገድ ንጉሥ» የተባለው የብስክሌት መብራቱ ነበር። ከመብራት ተነሥቶ የጨለማ ልዑል መባል ዕጣ ፈንታ ነው።

እውነታው ግን አብዛኛው ጨለማ ከሉካስ እንዳልመጣ ነው። የላንድሮቨር አካል አልሙኒየም ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ብረት በራሽን ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣችው የመጀመሪያዋ ከዚያ ተሠራች፣ በዚያው ቀጠለች። ሻሲዋ ግን ብረት ነው። አልሙኒየምና ብረት በብሎን ተጣብቀው እርጥበት ሲያገኛቸው አልሙኒየሙ ይበላል፤ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ያ ዱቄት ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። አሁን ያስቡት፦ መብራቱ እሳቱን በሽቦ ያገኛል፣ ወደ ባትሪው የሚመለሰው ግን በመኪናዋ አካል በኩል ነው። ይህንን መመለሻ ነው የዛሬ ልጆች ግራውንድ፣ ከጣልያን የተማሩት አባቶቻችን ደግሞ ማሳ የሚሉት። (ቅድም የተሰለፈ ማሳ ያልኩት የእርሻውን ነው፤ ይህኛው ሌላ ነው።) መመለሻው በነጭ ዱቄት ከተዘጋ ኤሌክትሪኩ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ፍሬን ሲይዙ ፍሬቻ የሚበራው፣ ፍሬቻ ሲያሳዩ የኋላ መብራቱ ሁሉ አብሮ የሚጠቅሰው፣ ረጅም መብራት ሲያበሩ ጌጆቹ የሚደንሱት በዚህ ነው።

የጋሼ መኪና ይህ ሁሉ ነበረባት። በዚህ ሕመም የተነሣ ባትሪ ተቀይሮላታል፣ ዲናሞዋ ሁለት ጊዜ ተጠቅልሏል፣ አምፖል የተገዛላትማ አይቆጠርም። ሰው ለምን ባትሪና ዲናሞ ላይ ይሮጣል ካሉኝ፣ ባትሪና ዲናሞ የሚታዩ፣ የሚገዙ፣ ሲቀየሩም «ሠራሁልህ» የሚያሰኙ ዕቃዎች ስለሆኑ ነው። አንድ ብሎን ፈትቶ ከሥሩ ያለውን ብረት በብርጭቆ ወረቀት አንጽቶ መልሶ ማሰር ግን ሥራ አይመስልም፤ ገንዘብ ሊጠየቅበትም ያሳፍራል። አዲስ ባትሪ ደግሞ ለጥቂት ቀን በጉልበቱ ገፍቶ ያበራና ተረቱን ያድሰዋል።

ለማወቅ ቴስተር ብቻ ይበቃል። መብራቱን ያብሩ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ከአካሏ ጋር የታሰረበት ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን የመብራቱ ቤት ላይ ያድርጉ። ከ0.2 ቮልት በታች ካነበበ መመለሻው ጤነኛ ነው። 1 ወይም 2 ቮልት ካነበበ ሌባው ተይዟል። 1.2 ቮልት ምን ያህል ቢጎዳ ነው እንዳይሉ፤ የአምፖል ብርሃን ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፣ ቀድሞት ይወርዳል። ከ12 ቮልት ላይ አሥር በመቶው ሲጎድል ከብርሃኑ ሲሦ ገደማው ይሄዳል። እኛ አዲሱን ጉንጉን ስንሠራ በየመብራቱ አንድ አንድ ጥቁር ሽቦ ጨምረን ሁሉንም ሻሲው ላይ በጸዱ ሁለት ነጥቦች አሰርናቸው። ከፋብሪካው ሥዕል የወጣንበት ዋናው ቦታ ይህ ነው፤ «ኦሪጅናሉን አበላሻችሁ» የሚለኝ ካለ ማታ በጨለማ አብሮኝ ይንዳ።

ወደ ፊውዝ እንምጣ። «ፊውዝ ከተቃጠለ የሲጋራ ብርማ ወረቀት ይበቃዋል» የሚለውን ያልሰማ የለም። ሹፌሮቻችን በዚህች ብልሃት ስንት በረሃ ተሻግረዋል፤ ተረቱ የሚኖረውም በዚህ ነው። ወረቀቱ በርግጥ ያደርሳል፣ ያደረሳቸው ሰዎች ቁጭ ብለው ይመሰክራሉ። ያላደረሳቸው መኪኖች ግን አይናገሩም፤ በየመንገዱ ዳር አመድ ሆነው ሲገኙ «ቤንዚን ነው» ተብሎ ይታለፋል። ባትሪ ሲነካካ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር መልቀቅ ይችላል። ብርማው ወረቀት አልቃጠልም ካለ፣ ከመስመሩ ላይ ቀድሞ የሚቀልጠው ሽቦው ራሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ብቻውን አይደለም፣ አብረውት የተጠቀለሉትን ሁሉ ይዞ ነው የሚሄደው።

እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ የማያውቃት አንዲት ወጥመድ አለች። የሉካስን የመስታወት ፊውዝ ሲያዩ ውስጡ ባለች ትንሽ ወረቀት ላይ 35 ተብሎ ይነበባል። ሰው ከሱቅ ሄዶ ሌላ ባለ 35 ፊውዝ ይገዛና ትክክል የሠራ ይመስለዋል። የሉካስ 35 ግን የሚቃጠልበት መጠን ነው፤ ሳይቋረጥ እንዲሸከም የተፈቀደለት 17 አምፔር ብቻ ነው። በአሜሪካ ዓይነት ፊውዝ ላይ የሚጻፈው ደግሞ የሚሸከመው ነው። ስለዚህ «35 በ35» የተካ ሰው ሳያውቀው እጥፍ አድርጎታል። የዚያ ዘመን ላንድሮቨር የነበሯት ፊውዞች ደግሞ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ የፊት መብራቶቿ ጭራሽ አልነበራቸውም። ለጋሼ መኪና ስድስት ፊውዝ አድርገንላታል፣ የግራና የቀኝ የፊት መብራት ለየብቻ።

አሁን ደግሞ ሽማግሌዎቹን ላንድሮቨሮች ብቻ የሚመለከት፣ ሲነገር የሚያስደነግጥ ተረት አለ። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት በፖዘቲቭ ግራውንድ ነበሩ፤ ማለትም ከአካሏ ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። «ይህንን ገልብጠህ ኔጋቲቭ ያሰርክ እንደሆነ ሞተሪኖው ወደ ኋላ ይዞራል፣ መኪናው ይቃጠላል» ይባላል። ሞተሪኖው ወደ ኋላ አይዞርም። ውስጡ ማግኔት ሆኖ የሚሠራው ራሱ በሽቦ የተጠቀለለ ብረት ስለሆነ፣ ኤሌክትሪኩ ሲገለበጥ ሁለቱም ጎን አብሮ ይገለበጣል፤ አዟዟሩም ያው ይሆናል። አምፖልም ክላክስም ግድ የላቸውም። ግድ ያለው ዲናሞው ነው፦ ብረቱ የድሮውን አቅጣጫ ያስታውሳልና፣ ባትሪው ከተገለበጠ በኋላ ከባትሪው የእሳት ምሰሶ በሽቦ ኤፍ የተባለውን ጫፉን ለቅጽበት ነካ አድርጎ ማስረሳት ያስፈልጋል። የኮይሉ ሁለት ሽቦዎች ይለዋወጣሉ፤ አምፔር ጌጅ ካላትም እንዲሁ። ተረቱ የተወለደው ከሌላ ቦታ ነው። ሰዎች እነዚህ መኪኖች ላይ ሬዲዮ ወይም አልተርኔተር ሳያዩ አሰሩ፤ እነዚያ በቅጽበት ተቃጠሉ፤ ወሬው ወደ መኪናዋ ሁሉ ተዛመተ።

«ሽቦ ሽቦ ነው» የሚለውም አለ። የቤት ሽቦ በየሱቁ አለ፣ ባለ 2.5ቱ ወፍራም ነው፣ ዋጋውም ረከስ ይላል፤ ታዲያ ምን አነሰው? ያነሰው መተጣጠፍ ነው። የቤቱ ሽቦ አንድ ደንዳና መዳብ ነው፤ ግድግዳ ውስጥ ተኝቶ እንዲኖር የተሠራ። መኪና ላይ ሲታሰር ኮረኮንቹ እንደ ማንኪያ አንገት ያመላልሰውና አንድ ቀን ይቀነጠሳል፤ ያውም ልባሱ ደህና መስሎ ውስጥ ለውስጥ። የመኪና ሽቦ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ነው። የእንግሊዙ ልክ ሲነበብም በክር ቁጥር ነው፦ እያንዳንዷ ክር 0.30 ሚሊ ሜትር ሆና፣ ባለ 14 ክሩ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ለኋላ መብራትና ለጌጅ ይበቃል፤ ባለ 28ቱ 2 ካሬ፣ ለፊት መብራት፤ ባለ 65ቱ 4.5 ካሬ፣ ለዲናሞውና ለዋናው ቡኒ መስመር። ሲገዙ ጫፉን በምላጭ ፋቅ ያድርጉት። ከመዳቡ ሥር ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፤ ሻጩን አመስግነው ይመልሱለት።

በካውያ የተበየደ መገጣጠሚያ እስከ ዘለዓለም ይኖራል የሚሉም ብዙ ናቸው፤ ይህን ለመንካት እፈራለሁ፣ ምክንያቱም ጥሩ ጥሩ ባለሙያዎች የሚምሉበት ነው። አመጣጡ ከሬዲዮ ጥገና ይመስለኛል። ሬዲዮ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚኖረው። መኪና ላይ ግን የቀለጠው ሊድ በክሮቹ መሐል ሽቅብ ይሳብና ያቺን ጣት የምታህል ቦታ ድንጋይ ያደርጋታል፤ ልስልሱና ደንዳናው በሚገናኙበት ላይ ሽቦው ይቆረጣል። ፋብሪካዎቹ ተርሚናሉን በልዩ መሣሪያ ጨምቀው የሚያስሩት ለዚህ ነው። በተራ ፒንሳ መጨፍለቅ ግን መጨመቅ አይባልም፤ ሽቦውን ሳብ ሲያደርጉት ከወጣ አልታሰረም ማለት ነው። ካውያም ቢሆን ኃጢአት የለበትም፤ ሽቦው ከኋላው ተደግፎ እንዳይወዛወዝ ከተደረገ ይሠራል። የሉካስ ጥይት የሚመስሉት ተርሚናሎች ጎማ ለባሽ ስለሆኑ ይችሉታል። ናስትሮን በተመለከተ አጭር ልሁን፦ ሞተር አጠገብ ሙጫው ይቀልጣል፣ አቧራ ይለቅማል፣ ለሚቀጥለው ሰው ጥቁር ማር ትተውለት ይሄዳሉ። ጉንጉኑን ሙጫ በሌለው ቴፕ ይጠቅልሉት ወይም በየአራት ጣቱ በሰም በታሸ ክር ይሰሩት።

እንዴት እንደሠራነው ካሉኝ፣ ሦስት ቅዳሜ ነው የፈጀብን። በመጀመሪያው ምንም አልፈታንም። እያንዳንዷ ጫፍ የት እንደምትገባ በወረቀት ጽፈን፣ በስልክ ፎቶ አንሥተን፣ በየሽቦው ላይ ቁጥር አሰርን። ይህን ቀን የዘለለ ሰው ነው «ከተነካ አይሰበሰብም» የሚለውን ተረት ነፍስ የሚዘራበት። ከዚያ አሮጌውን ጉንጉን ሳንቆርጥ፣ ሙሉውን እንደ እባብ ቆዳ አወጣነውና ኮምፔንሳቶው ላይ ዘረጋነው። በየመታጠፊያው ምስማር መታን፤ በሁለተኛው ቅዳሜ አዲሱን በላዩ ላይ፣ ቀለም በቀለም፣ አንድ ስንዝር እያስረዘምን ዘረጋን። ማስረዘሙን አይናቁት፤ የረዘመ ይታጠፋል፣ ያጠረ ግን ያለቅጥል አይደርስም፣ ወደ ቀዩ ሽቦ ታሪክ ይመልስዎታል። ብረት ቀዶ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት አስገባን።

በሦስተኛው ቅዳሜ ባትሪውን በቀጥታ አላሰርንም። በባትሪውና በጉንጉኑ መሐል አንድ ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል አስገባን። ማብሪያዎቹ ሁሉ ጠፍተው ሳለ አምፖሏ ቦግ ካለች የሆነ ቦታ ተነካክቷል ማለት ነው፤ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ ግን በሷ ልክ ተገድቧልና የሚቃጠል ነገር የለም። አምፖሏ ጨለማ ሆና ቀረች። ጋሼ ግን ከበሩ ላይ ቆመው፣ የውሃ ባልዲ አጠገባቸው አድርገው ነበር።

አምፖሏን አንሥተን በቀጥታ አሰርን። ፓርኪንግ በራ፣ አጭሩ በራ፣ ረጅሙ የአጥሩን ቆርቆሮ ቀን አስመሰለው። ክላክሱ ሲጮህ ዶሮዎቹ ከጭነት ቦታው በአንድነት ተነሡ። ከኋላ ግን የግራው መብራት ጭልም እንዳለ ነው። ጋሼ ባልዲያቸውን አንሥተው ተጠጉና «አላልኩህም? አንዴ ከተነካ!» አሉ። የመብራቱን መስታወት ፈታሁት፤ አምፖሉ ክሩ ተበጥሶ ውስጡ ጠቁሯል። ከቅድሟ መሞከሪያ ጋር አብረን የገዛነውን ተካሁበት፣ በራ።

ጋሼ ዞር ዞር ብለው አዩትና፣ ለሰባት ዓመት ሲሉት የኖሩ ይመስል፣ ዶሮ እያባረሩ ለሚስታቸው ተጣሩ፦ «ሽቦውማ መቼ ሆነና! አምፖሉ ነው እኮ!»